ሰርተፊኬትና ሰባተኛ

ቋ። ቋ። ቋ።

የቆርቆሮ ኩባያ ሲሚንቶ ላይ ሲመታ ነው። ሦስት ጊዜ ይመታና ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ሦስት ጊዜ። እኔ ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ የዝናቡ እርጥበት ጣሪያው ላይ የሳለውን ካርታ እያየሁ ነበር። በእኛ ቤት ኩባያ ሲመታ እንግዳ መጥቷል ማለት ነው፤ እንግዳ መጥቷል ማለት ደግሞ አባቴ፣ ታታ የምንላቸው፣ ድመቶቹን ሊፈትኑ ነው ማለት ነው።

«ሰርተፊኬት!» አሉ ታታ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ባሰለፉበት ድምፅ። «ና፣ ሰርተፊኬት! አንቺስ ሰባተኛ፣ የት ነው ያለሽው?»

ዘልዬ ተነሳሁ። ዛሬ አይሆንም ብዬ ነበር። በሌላ ቀን፣ በሌላ እንግዳ ፊት፣ እሺ። ዛሬ የመጡት ግን ባ ሲቻልዌ ነበሩ፤ የእህቴን የቹንጉን የጋብቻ ጉዳይ ይዘው የመጡ ሽማግሌ።

ሁለቱ ድመቶች ከአንድ ሆድ በአንድ ቀን የወጡ ናቸው። ስም ያወጡላቸው ታታ ናቸው። እኛ ዘንድ፣ እዚህ ሐይቁ ዳር ምፑሉንጉ፣ የቤት እንስሳ ስም የሚወጣለት ለእንስሳው ተብሎ አይደለም። ጎረቤትህ ሐሜተኛ ከሆነ ውሻህን «ያውሩ» ትለውና አጥሩ ሥር ቆመህ በሰፊው ትጠራዋለህ። ሕጉ አንድ ነው፤ የተነካው ሰው አይመልስም። ከመለሰ ስሙ የኔ ነው ብሎ በገዛ አፉ መሰከረ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እስኪሞት በዚያው ይጠራዋል። ስለዚህ ሰው ጥርሱን ነክሶ ያልፋል፤ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ይመጣል።

ሰርተፊኬት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሼ፣ ይኸው አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ቤት ውስጥ ጣሪያ አያለሁ። ሰባተኛ ደግሞ ቹንጉ ናት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ወደቀች። ያውም ታታ ርዕሰ መምህር በነበሩበት ትምህርት ቤት፣ ያውም ያለፉትን ልጆች ስም ዝርዝር ታታ በገዛ እጃቸው በር ላይ በሚስማር ሲመቱ፣ የሷ ስም ሳይኖርበት። የዚያን ቀን ወላጆች ከዝርዝሩ ላይ ዓይናቸውን አንስተው እሳቸውን አዩዋቸው። ይኼ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። እሳቸው ግን አልረሱትም። ከሦስት ዓመት በፊት ድመቶቹ ሲመጡ፣ የረሳም ካለ እንዲያስታውስ አደረጉ።

ድመቶቹ እንደ ስማቸው ባይሆኑ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ናቸው። ሰርተፊኬት የዓሣ ሳጥኑን መቀርቀሪያ በገመዱ ተንጠልጥሎ ይከፍታል። አንድ ጊዜ እግሩን በር መታውና ቹንጉ አዝናለት ሙሉ ዓሣ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ዓሣ ስታጥብ ባየ ቁጥር ያነክሳል፣ ዞር ስትል በደህና እግሩ ይሮጣል። የጀልባ ሞተር ከሩቅ ለይቶ የትኛው ሸክሙን ሞልቶ እንደመጣ ያውቃል ብል አላጋነንኩም። ሰባተኛ ደግሞ የመስኮት መስታወት ውስጥ ያለችውን ድመት በየቀኑ ትጣላታለች። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ባልዲ ውስጥ ገብታለች። የወተት ጣሳ ውስጥ ጭንቅላቷን ከታ፣ መውጣት አቅቷት፣ ጣሳውን እንደ ቆብ አድርጋ ግቢውን ስትዞር ውላለች። ስትወልድ ሁለቱን እያጠባች ሦስተኛውን ስትፈልግ ነበር፤ የተኛችው እሱ ላይ ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ መጨረሻ ላይ ሞኟ ብልህ ሆና እንድትገኝ ይጠብቃል። አትገኝም። ብዙ ጊዜ ተደብቄ ሞክሬያታለሁ፤ ድንጋይ ናት። አይጥ ሁለቱም አይይዙም። አይጡን ከዓሣው የምታባርረው ቹንጉ ናት፣ በዱላና በባዶ ጣሳ። ድመት ከድመት በጭንቅላት ይለያል፤ ይለይ! ማን ከለከለ? እኔን የሚያበግነኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ከእንስሳው ተነስተው ሰው ላይ የሚወጡበት መሰላል ነው የሚያበግነኝ።

ያን ቀን ጠዋት ቹንጉ የጓሯችን አሸዋ ላይ መረብ ዘርግታ ካፔንታ ስታሰጣ አብሬያት ነበርኩ። ጣት የምታክል ዓሣ ናት ካፔንታ፤ አንድ በአንድ ካልገለበጥካት ከታች ትበሰብሳለች። እየገለበጠች ነበር የምታወራኝ። የፈለጋት ሰው ቻንሳ ይባላል፤ ንሱምቡ የሚኖር፣ የጀልባ ሞተር የሚጠግን። ሁለት ዓመት አውቃዋለች። ባ ሲቻልዌ ባለፈው ሳምንት መጥተው ሁለት ሳህን አፍ ለአፍ ገጥመው በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠው ሄደዋል። ዛሬ መልሱን ሊሰሙ ይመለሳሉ። ወጉ ግልጽ ነው፤ አባት ልጅቷን ጠርቶ ይጠይቃታል፣ እሺ ካለች ቋጠሮውን ራሷ ትፈታዋለች፣ አይሆንም ካለች ሳህኑ እንደታሰረ ይመለሳል።

«ታታ አይጠይቁኝም» አለችኝ። «ታውቃቸዋለህ። ዙሪያውን ሲዞሩ ቆይተው ሽማግሌውን በሳቅ ይሸኟቸዋል። አንተ ወንድሜ ነህ፤ በዚህ ነገር የወንድም ቃል ይሰማል። እህቴ እሺ ብላለች በል። በቃ። ሦስት ቃል ናት።»

እላለሁ አልኳት።

«ሳትንተባተብ?»

«ሳልንተባተብ።»

«በእንግሊዝኛ እንዳታደርገው ብቻ» ብላ ሳቀች።

ታታ ለምን እንደማይጠይቋት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ጀልባ ጠብቃ ዓሣ የምትገዛው፣ የምታሰጣው፣ የምትሸጠው፣ ለእሳቸው የገላ ውሃ የምታሞቀው፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን የምታማስለው፣ ሸሚዛቸውን የምትተኩሰው እሷ ናት። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት በሷ ዓሣ ነው። ይህን ሁሉ የምትሸከም ሴት ለሰው መስጠት አይፈልጉም። ያን ደግሞ አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍራል። ልጄ ደካማ ናት፣ ለሰው አትሆንም ማለት ግን አያሳፍርም፤ እንዲያውም ደግ አባት ያስመስላል።

ሳሎን ስገባ ባ ሲቻልዌ ዝናብ የጠጣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመረብ የፈጁ፣ እጃቸው እንደ መቅዘፊያ። ቋጠሮው ጠረጴዛው ላይ ነው። ታታ የጡረታ ኮታቸውን ለብሰው፣ መሬት ላይ በርከክ ብለው፣ ሦስቱን ኩባያ ደፍተው ደርድረዋል። እጄን አጨብጭቤ ሰላምታ ሰጠሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ቹንጉ የጓሮውን በር በሸፈነው መጋረጃ ጀርባ ነበረች፤ የሽርጧ ጫፍ ከሥር ይታየኛል።

ታታ ደረቅ ካፔንታ በጣታቸው አንጠልጥለው ለእንግዳው አሳዩና መካከለኛው ኩባያ ሥር ከተቱ። ከዚያ ኩባያዎቹን እያንሸራተቱ አቀያየሩ። ሰርተፊኬት ቁጭ ብሎ በዓይኑ ይከተላል። ሲለቁት ቀጥ ብሎ ሄዶ የግራውን ኩባያ በእግሩ ገለበጠና ዓሣውን ወሰደ። ባ ሲቻልዌ ከልባቸው ሳቁ። እሳቸውም ቤት ሁለት ድመት እንዳላቸው፣ አንዷ ሚስታቸው ስትቆጣ ቀድማ አውቃ ከቤት እንደምትወጣ፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ እንደማያውቁ ነገሩን። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ቀጥሎ የሰባተኛ ተራ ሆነ። ዓሣው ሲደበቅ ከፊቷ ነበር፤ እሷ ግን ኩባያዎቹን ትታ የታታን ፊት ታያለች። ለቀቋት። ንቅንቅ አላለችም። ታታ ጣታቸውን ወደ ኩባያው ቀሰሩላት፤ ጣታቸውን አሸተተች።

«አዩ?» አሉ ታታ። «አንድ እናት፣ አንድ ወተት፣ አንድ ቤት። ጭንቅላት ግን የተሰጠው ለአንዱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ያየሁት ይኼንኑ ነው። የማይገባው አይገባውም። መምታትም መምከርም ጉልበት ማባከን ነው።»

ባ ሲቻልዌ አሁንም ፈገግ ብለው ነበር፤ ፈገግታው ግን መንገድ እንደጠፋበት ሰው ፊታቸው ላይ ቆሟል። የመጡበትን ነገር በቀስታ አነሱ። ታታም መለሱ። ዝርዝሩን ሁሉ መድገም አልችልም፤ ሲናገሩት ጆሮዬ ይጮህ ነበር። እኔ ሐቀኛ ሰው ነኝ፣ ዕውር ፍየል ለሰው አልሸጥም አሉ። ልጅቷ ሰባተኛ ላይ የቀረች ናት፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን በቅጡ አታነብም፣ ነገ ልጅ ወልዳ ብትመርዝ ማን ይጠየቃል አሉ። ቻንሳ ጨዋ ልጅ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ ለእሱው አዝኜ ነው አሉ። ይህን ሁሉ የተናገሩት ሰባተኛን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጭንቅላቷን እያሻሹ ነው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የላካቸው ሰው ስለ ክፍሏ እንዳልጠየቃቸው፣ ስለ እሷ ብቻ እንደጠየቃቸው ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድምየውስ ምን ይላል?»

ይኸው መጣ። ፍለጋ እንኳን አልወጣሁም፤ እግሬ ድረስ አመጡልኝ። ሦስት ቃል። መጋረጃው ሥር ያለው ሽርጥ ቀጥ አለ። ታታ ዓይናቸውን ከድመቷ ላይ አንስተው አዩኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ሰርተፊኬት የሳጥን መቀርቀሪያም ይከፍታል» አልኩ።

ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ታታ ግን ደስ አላቸው፤ አዎ፣ አዎ፣ ንገራቸው፣ አሉና መቀርቀሪያውን በገመድ እንዴት እንደሚከፍተው ራሳቸው አስረዱ። ባ ሲቻልዌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸው ግን ቋጠሮው ላይ ነበር። የሽርጡ ጫፍ ከመጋረጃው ሥር ጠፋ።

ታታ ጨዋታው እንዲህ እንዲያልቅ ፈለጉ መሰል፣ ሌላ ዓሣ አውጥተው ሰባተኛን አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና እንዲያይዋት እንግዳውን ለመኑ። ድመቷ ግን ከጭናቸው ወርዳ ወደ ጓሮ ሄዳ ነበር። ኩባያውን መቱ። ቋ። ቋ። ቋ።

«ሰባተኛ! አንቺ ሰባተኛ!»

«አቤት» አለ ድምፅ ከጓሮ።

ቤቱ ውስጥ ሕጉን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቹንጉ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ እጇ የዓሣ ቅርፊት ለብሷል። እንደ ወጉ ተንበርክካ ለሽማግሌው አጨበጨበች፣ ከዚያ ለታታ።

«ድመቷን ነው የጠራሁት» አሉ ታታ።

«ሰምቻለሁ። መልሼዎታለሁ።»

«ቹንጉ፣ ውጪ።»

«ሰባተኛ ነው ስሜ። ባ ሲቻልዌ ይመስክሩ፤ ዛሬ በገዛ አፌ መልሻለሁ። ሰፈሩም ይጥራኝ። ሦስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ ጥርሴ አለቀ። አሁን ከጠሩኝ ይጠይቁኝ።»

ታታ ከመሬቱ አልተነሱም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ያኔ ተነስተው ጥያቄውን ቢጠይቁ፣ በቁጣም ቢሆን ቢጠይቁ፣ ይቅር እላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። እሳቸው ግን ዓሣውን ኩባያ ሥር ከተቱ። አንሸራተቱ። ኩባያዎቹን አቀያየሩ፤ ከድመቶቹ ይልቅ ለሷ ፈጠን አድርገው አቀያየሩ።

«እሺ» አሉ። «መመለስ የምትችዪ ከሆነ፣ የትኛው ውስጥ ነው?»

ባ ሲቻልዌ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። ቹንጉ ኩባያዎቹን አየቻቸው።

«ጠዋት ጠዋት የማጥባቸው ኩባያዎች ናቸው» አለች። «የትኛው ውስጥ እንዳለ አላውቅም።»

«ይኸው!» አሉ ታታ ወደ ሽማግሌው ዞረው። «ይኸው!»

«አላውቅም። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር ታታ፤ አሁን ሃያ ሰባት ነኝ። አንድን ሰው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ፈተና ይፈትኑታል? ወድቄያለሁ። እሺ፣ ወድቄያለሁ። የወደቀ ሰው አያገባም የሚል የት ተጽፎ አዩ?»

ያን ጊዜ ነው የኔ ምላስ የተፈታው። ቆምኩና «እህቴ እሺ ብላለች» አልኩ። አልተንተባተብኩም፤ ጮህኩ እንጂ። ቹንጉ ዞራ እንኳን አላየችኝም።

«አሁን እኔው እየተናገርኩ ነው» አለች። «አንተ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ይኼኛው ነው ልክ የሆነው።

ታታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባ ሲቻልዌ ሳህኖቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ እንዲደርሱ ነገሯቸው። የልጆቹ ነገር እንዲህ ነው፣ ይቅርታ፣ አሉ። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ሰበሰቡ፤ ግን አልተነሱም።

«መምህር» አሉ፣ «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጅቷ ተጠይቃ እንቢ ካለች ሳህኑን አነሳለሁ። አልጠየቋትም። ንሱምቡ ስደርስ ቻንሳ ምን አለች ሲለኝ ምን ልበለው? ድመቷ ኩባያውን አላወቀችውም ልበለው?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ሰርተፊኬት ከወንበር ሥር ወጣና የቀኙን ኩባያ ገልብጦ ዓሣውን ወሰደ፤ ማንም አላየውም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፣ በዚያች ሰዓት ያን የሚያህል ብልጠቱን ጠላሁት።

ጥያቄው አልመጣም። ቹንጉ ጠበቀችው። አንድ ሰው ትንፋሹን ሊይዝ የሚችለውን ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ ተንበርክካ የታታን አፍ እያየች ጠበቀች። ከዚያ በጉልበቷ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ቋጠሮውን ወደ ራሷ ሳበች። ጣቶቿ በዓሣው ዘይት ያሟልጫሉ፤ መጀመሪያ አልፈታ አላት፤ በጥርሷ ያዘችውና ሳበችው። ጨርቁ ተፈታ። የላይኛውን ሳህን አንስታ አጠገቡ አስቀመጠች። ውስጡ ምን እንደነበር እኔ አላየሁም፤ ባ ሲቻልዌም አላዩም። ሁለታችንም ታታን ነበር የምናየው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው አጨበጨቡ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በወጉ እሺታዋን ተቀበልኩ ማለት ነው።

ታታ ተነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ቆለፉ፤ የሦስተኛው ቀዳዳ ስለጠበበ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፣ ማንም ሊረዳቸው አልተነሳም። ጫማቸውን አጠለቁ። ጃንጥላው ከበሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አልነኩትም።

«መምህር» አሉ ባ ሲቻልዌ፣ «ወዴት? ይዘንባል እኮ።»

ቹንጉ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። ታታ የፊት ለፊቱን በር ትተው በመጋረጃው በኩል ወደ ጓሮ ወጡ፤ በላስቲክ ከተሸፈነው ዓሣ መሃል፣ ውሃ እየረገጡ፣ ወደ ሐይቁም ወደ ገበያውም በማይወስደው አቅጣጫ ሄዱ።